ፒያኖው ጋ የተቀመጡት ሰው

በባሶ ሊበን ወረዳ መቀመጫ በይጁቤ፣ እንደ ሌላውም የወረዳ ከተማ ሁሉ፣ ዘፈን የሚገኘው በሚሞሪ ነው። ስልክህን ትሰጣለህ፣ «የድሮ ጫንልኝ» ትላለህ፣ ልጁም ኮምፒውተሩ ላይ ካለው ፎልደር ሙሉውን ይገለብጥልሃል። ስትከፍተው የዘፋኙ ስም ተጽፎ ታገኛለህ፤ አንዳንዴ እሱም ቀርቶ «ትራክ 07» ብቻ ይላል። ጥላሁንን በድምፁ ትለየዋለህ፣ ማሕሙድንም እንዲሁ። ከኋላ ያለውን ፒያኖ ማን እንደመታው፣ ትራምፔቱና ሳክስፎኑ የሚቀባበሉትን ዜማ ማን እንደጻፈው ግን የሚነግርህ የለም።

የስሙ መጥፋት በሚሞሪ አልተጀመረም። በሸክላው ዘመን በመሐል ባለው ክብ ወረቀት ወይም በሽፋኑ ጀርባ አጃቢው ባንድና አቀናባሪው በደቃቅ ፊደል ይጻፉ ነበር፤ በሁሉም ላይ ባይሆን በአንዳንዶቹ ላይ። ካሴት ሲመጣ የዘፋኙ ፎቶግራፍ ሽፋኑን ሞላውና ስሞቹ ከዘፈን ዝርዝሩ ሥር ተጣበቡ። ካሴቱ ከካሴት ሲገለበጥ ደግሞ ወረቀቱ ራሱ ቀረ። ዘፈኑ ወደ ብዙ ጆሮ በደረሰ ቁጥር ያጀቡትና ያቀናበሩት ሰዎች እየራቁ ሄዱ።

ከእነዚህ ሰዎች አንዱን ፊት ለፊት ያስቀመጠ ፊልም አለ። ፖላንዳዊው ዳይሬክተር ማቼክ ቦህኒያክ የሠራውና እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው «ኢትዮፒክስ፦ የነፍስ አመፅ» ይባላል (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ሦስት ሰዎችን ይከተላል፤ የሸክላ አሳታሚውን አምሐ እሸቴን፣ የኢትዮጵያን የድሮ ሙዚቃ ለዓለም መልሰው ያሳተሙትን ፈረንሳዊ ፍራንሲስ ፋልሴቶን፣ እና ፒያኖ ተጫዋቹን፣ ዜማ ደራሲውንና አቀናባሪውን ግርማ በየነን። ታሪኩ የሚያመራው ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ከመድረክ ርቀው የኖሩት ግርማ እንደገና ባንድ መሐል ወደ መቀመጣቸው ነው።

ይህ ዓይነቱ ፊልም በዓለም ላይ የራሱ ወገን አለው፤ ተለያይተው የኖሩ አንጋፋ ሙዚቀኞች እንደገና ሲገናኙ ካሜራ የሚቀበልበት ወገን ነው። የእንግሊዙ የሮክ ባንድ ሌድ ዜፕሊን እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 10 ቀን 2007 ለንደን በሚገኘው ኦ2 አዳራሽ ለአንድ ሌሊት ተገናኘ። በሕይወት የሌለውን ከበሮ መቺ ልጁ ጄሰን ቦንሃም ተክቶ ተጫወተ፤ የትኬት ጠያቂው ቁጥር ከሃያ ሚሊዮን በላይ እንደነበር በወቅቱ ተነግሯል፤ ፊልሙም በ2012 ሲኒማ ቤት ገባ። እዚያ ተመልካቹ የሚጠይቀው «አሁንም ይችላሉ?» ብሎ ነው። አራቱንም በስም ያውቃቸዋል፤ እርጅናቸውን ሊመዝን ነው የመጣው። በግርማ በየነ ፊልም ላይ የተቀመጠ ተመልካች ግን፣ ኢትዮጵያዊ ቢሆንም እንኳ፣ መጀመሪያ የሚጠይቀው «እኚህ ሰው ማን ናቸው?» ብሎ ነው። ዘፈኖቹን ከልጅነቱ ጀምሮ በቃሉ ይዟቸዋል፤ ሰውየውን አያውቃቸውም።

ግርማ ፒያኖን በራሳቸው የተማሩ ናቸው። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ ራስ ሆቴል ይጫወት ከነበረው ራስ ባንድ ጋር ሠሩ፤ በኋላም ከድምፃዊው ከዓለማየሁ እሸቴ ጋር ዓለም-ግርማ ባንድን አቋቋሙ። በሸክላ ከወጡት የዚያ ዘመን ዘፈኖች ከስልሳ በላይ የሚሆኑትን አቀናብረዋል። በራሳቸው ድምፅ ያስቀረጿቸው ግን ጥቂት ናቸው፤ «እኔ ነኝ ባይ ማነሽ» ከእነዚያ አንዱ ነው። ድምፃቸው ጎልቶ የሚያስተጋባ አይደለም፤ ለስላሳና ሊናገር እንጂ ሊጮህ የማይፈልግ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ሲዘፍኑም እንደ አቀናባሪ ነው የሚያስቡት፤ ለሌላው መሣሪያ ቦታ ይተዋሉ።

አቀናባሪ ምን ይሠራል? በማሲንቆ ላደገ ለጎጃም ሰው ጥያቄው ቀላል አይደለም። አዝማሪ አንድ ክር ይዞ ድምፁን በክሩ፣ ክሩን በድምፁ እያስከተለ ይሄዳል፤ ዜማው አንድ ነው፣ ሁለቱም እሱኑ ይጠብቃሉ፣ ጌጡ በመዘግየትና በመቅደም፣ በማንቀጥቀጥና በመተው ይመጣል። ባንድ ሲሆን ግን ስምንት ሰው ስምንት መሣሪያ ይዞ ይቆማል። ሁሉም ዜማውን ከተከተለ ጫጫታ ነው፤ ማንም ካልተከተለው ደግሞ ዘፈን አይሆንም። ማን መቼ እንደሚገባ፣ ማን ዝም እንደሚል፣ ዘፋኙ ትንፋሽ ሲወስድ የተከፈተውን ቦታ የትኛው መሣሪያ እንደሚሞላው የሚወስን ሰው ያስፈልጋል።

ከዚያ በላይ የቅኝት ችግር አለ። ቅኝቶቻችን፣ ትዝታም ሆነ ባቲ፣ አምባሰልም ሆነ አንቺ ሆዬ፣ አምስት አምስት ድምፅ አላቸው። ፒያኖ በአንድ ስምንታ ውስጥ አሥራ ሁለት ቁልፍ አለው። ትዝታን በሜጀሩ ብንወስድ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ይሄዳል፤ ፋ እና ሲ የሉበትም። በቀኝ እጁ ትዝታን የሚጫወት ሰው በግራ እጁ ኮርድ ልጨምር ሲል፣ የፈረንጁ ኮርድ ቶሎ ቶሎ የሚጠራቸው እነዚያን የሌሉትን ሁለት ድምፆች ነው። ካስገባቸው ዜማው ቀለሙን ይለውጣል፤ ሙሉ በሙሉ ካራቃቸው ደግሞ ቅንብሩ ይደርቃል። በዚያ ዘመን የነበሩት አቀናባሪዎች እያንዳንዳቸው ለዚህ የየራሳቸው መልስ ነበራቸው። ግርማ ድንበሩን ሲሻገሩ አውቀው የሚሻገሩ ሰው ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው አልበማቸው ርዕስም «ታስቦበት የተሠራ ስህተት» እንደማለት ነው።

ይህ ሁሉ ከየት መጣ የሚል ሰው ታሪኩን ከቤተ መንግሥት መጀመር አለበት። ራስ ተፈሪ መኮንን እ.ኤ.አ. በ1924 ኢየሩሳሌም ላይ ያገኟቸውን አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ከነጥሩምባቸው አዲስ አበባ አመጧቸው፤ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ በኋላ ብሔራዊ ቴአትር በተባለው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ቤት ሙዚቀኞችን እያሠለጠነ ለብዙ ዓመት ቆየ። የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስ ሠራዊትና የምድር ጦር ኦርኬስትራዎች ከዚያ ወዲህ የአገሩን ሙዚቃ ያዙት። ሙዚቀኛ መሆን ማለት ደመወዝተኛ መሆን፣ ብዙውን ጊዜም ወታደር መሆን ነበር።

ከዚሁ ትምህርት የወጡትን ጌታቸው መኩሪያን እዚህ ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ሳክስፎን ላይ ሽለላና ፉከራ ያስገቡ ሰው ናቸው። የጎጃም ጆሮ ስለ ጃዝ ምንም ባያውቅ እንኳ የጌታቸውን ሳክስፎን ሲሰማ ወዲያው ይገባዋል፤ ያ ሰው ዱላውን ወደ ላይ አንስቶ እየተንጎራደደ ነው። በሽምግልናቸው የኔዘርላንዱ የፐንክ ሮክ ባንድ ዘ ኤክስ አጅቧቸው በ2006 «ሞዓ አንበሳ» የተባለውን አልበም አወጡ፤ ከዚያም አውሮፓን አብረው ዞሩ። ጌታቸው እ.ኤ.አ. በ2016 አረፉ።

ወደ ሸክላው ስንመለስ፣ እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣ ድንጋጌ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብትን ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሰጥቶ ነበር። በ1969 ሐራምቤ የሚባል ሙዚቃ ቤት የነበረው ወጣት፣ አምሐ እሸቴ፣ ይህን ተዳፈረ። መንግሥት የማያሳትመውን አሳትማለሁ ብሎ ዓለማየሁ እሸቴን ቀረጸ፤ ሸክላውን ባሕር ማዶ አሳተመ፤ አዲስ አበባ ላይ ሸጠ፤ አልታሰረም። እስከ 1975 ድረስ 103 ነጠላ ሸክላዎችና 12 አልበሞች አምሐ ሬከርድስ በሚል ስም ወጡ። ካይፋ ሬከርድስን የመሩት ዓሊ አብደላም በዚሁ መንገድ ገብተው የማሕሙድ አሕመድን «እሬ መላ መላ» አሳተሙ። የግርማ ቅንብሮች አብዛኞቹ የወጡት ከዚህ የጥቂት ዓመታት ሩጫ ውስጥ ነው። ሩጫው ያበቃው በአብዮቱ ነው። አምሐ አሜሪካ ገቡ፤ ሰዓት እላፊ ታወጀ፤ ሸክላም በካሴት ተተካ።

ሰዓት እላፊው ግን ሙዚቃውን ጨርሶ አልገደለውም፤ በአንድ ቤት ውስጥ ዘጋበት እንጂ። ዋልያስ ባንድ በአዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል አሥር ዓመት ገደማ ሲጫወት፣ የመጣው እንግዳ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ወደ ቤቱ መሄድ ስለማይችል እስኪነጋ ይቆይ ነበር፤ ባንዱም አብሮ ይነጋለታል። ዘፋኝ እንደዚያ ያለ ረጅም ሌሊት ብቻውን አይችለውም፤ ባንዱ ያለ ድምፃዊ ብዙ መጫወት ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው የዋልያስ የመሣሪያ ሙዚቃ አልበም «ቸ በለው» ከዚህ ልማድ ጋር የተያያዘ ይመስለኛል። ኃይሉ መርጊያ ኦርጋን ላይ፣ ግርማ ፒያኖ ላይ፣ ሞገስ ሀብቴ ሳክስፎን ላይ፣ መላከ ገብሬ ቤዝ ላይ፣ ሙላቱ አስታጥቄም ቫይብራፎን ይዞ ገብቷል። «ሙዚቃዊ ስልት» የተባለው ቁራጭ ከዚያ አልበም ነው፤ ደራሲው ግርማ በየነ ናቸው። ዛሬ ከኒውዮርክ እስከ ፓሪስ ያሉ ባንዶች ይጫወቱታል፤ የአሜሪካው ዳክታሪስ ባንድ በ1998 በአልበሙ ውስጥ ሲያስገባው ዜማው በማደያ ሠራተኛ የተደረሰ መሆኑን የሚያውቅ አድማጭ ስንት እንደነበር እንጃ።

ማደያ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ዋልያስ በ1981 ድምፃውያኑን ማሕሙድ አሕመድንና ጌታቸው ካሳን ይዞ አሜሪካ ሄደ፤ ዘመናዊ የኢትዮጵያ ባንድ አሜሪካን ሲዞር የመጀመሪያው ነበር። አዳራሹን የሞሉት አብዛኞቹ አገራቸውን ጥለው የወጡ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ጉዞው ሲያበቃ ግማሹ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ፤ ኃይሉ፣ ግርማ፣ ሞገስና መላከ ዋሽንግተን ቀሩ። ለትንሽ ጊዜ ዙላ የሚባል ባንድ ይዘው በዚያው ለነበሩት አበሾች ተጫወቱ። ከዚያ በኋላ እንጀራው ወደየራሱ መራቸው። ኃይሉ ታክሲ መንዳት ጀመሩ፤ ኪቦርዳቸውን ከመኪናው ኋላ ይዘው በአውሮፕላን ማረፊያ ተራ ሲጠብቁ ይለማመዱ ነበር። ግርማ ነዳጅ ማደያ ሠሩ፤ ከመድረክም ራቁ። ከሃያ አምስት ዓመት በላይ።

በዚያ መሐል ነው ፈረንሳዊው ፋልሴቶ የሚገቡት። በ1984 ወዳጃቸው ያመጣላቸውን የማሕሙድን ሸክላ ሰሙ፤ በዓመቱ አዲስ አበባ ደረሱ። በ1986 «እሬ መላ መላ» ብራስልስ ላይ እንደገና ታተመ፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ ቡዳ ሙዚክ በተባለው አሳታሚ በኩል «ኢትዮፒክስ» ተከታታይ ጀመረ፤ በብዙ ቅጽም ዘለቀ። በ2005 የአሜሪካዊው ዳይሬክተር የጂም ጃርሙሽ ፊልም «ብሮክን ፍላወርስ» የሙላቱን ዜማዎች ካስገባ በኋላ፣ ይህ ሙዚቃ የጥቂት አጥኚዎች ምሥጢር መሆኑ ቀረ። በተከታታዩ ሲዲዎች ውስጥ የሚገኙት ቡክሌቶች ደግሞ ካሴቱ የጣላቸውን ስሞች መልሰው ለቀሙ፤ ማን አቀናበረ፣ ማን ፒያኖ መታ፣ ማን ጻፈ። የግርማ ስም በየቅጹ ተመላለሰ። ሰውየው ግን በ2000ዎቹ መጨረሻ አዲስ አበባ ከገቡም በኋላ ገና ዝም እንዳሉ ነበሩ።

ዝምታው የተሰበረው ፓሪስ ላይ ነው፤ የሰበሩት ደግሞ ያኔ ዋልያስ ሂልተን ሲጫወት ገና ልጆች የነበሩ ወይም ያልተወለዱ ሰዎች ናቸው። አካሌ ውቤ የተባለው የፓሪስ ባንድ ስሙን የወሰደው ጌታቸው መኩሪያ ይጫወቱት ከነበረ ዜማ ነው። አምስት ሰዎች አሉበት፤ ኤትየን ደ ላ ሳየት ሳክስፎንና ዋሽንት፣ ፖል ቡክሊየር ትራምፔት፣ ሎይክ ሬሻር ጊታር፣ ኦሊቨር ዴጋብሪየሌ ቤዝ፣ ዳቪድ ዦርዥሌ ድራም። የአዲስ አበባን የ1970ዎቹ ሙዚቃ አንድ በአንድ ከሸክላ አዳምጠው የተማሩ ናቸው።

ዝርዝሩን ደግሞ ያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል፤ ፒያኖ የለም። ጊታሩ አንዳንዴ የፒያኖውን ሥራ ይሠራል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ቦታው ባዶ ነው። ባንዱ የግርማን ቅንብሮች ለዓመታት የተጫወተው ግርማ ይቀመጡበት የነበረው ወንበር ባዶ እንደሆነ ነው። ሽማግሌው ሲመጡ ማንንም ተነስ ማለት አላስፈለጋቸውም። ለእኔ ይህ ከማንኛውም የመድረክ ጌጥ የሚበልጥ ነገር ነው፤ ባንዶቹ ሁሉ ሲገናኙ የሚጨቃጨቁት በቦታ ነውና።

ከዚህ መገናኘት ሠላሳኛው የኢትዮፒክስ ቅጽ ወጣ፤ ቀድሞ ያነሳሁት የ2017ቱ አልበም እሱ ነው። ፊልሙም የሚያሳየው ወደዚያ የተሄደበትን መንገድ ነው።

ኮንሰርት በፊልም ሲቀረጽ ምን እንደሚሆን ብዙ ተመልካች ስለማያስበው ጥቂት ልቆይበት። የመጀመሪያው ችግር ድምፅ ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ ወደ 340 ሜትር ይጓዛል። አዳራሹ መጨረሻ ላይ፣ ከመድረኩ ሠላሳ አራት ሜትር ርቆ የቆመ ካሜራ ከበሮው ሲመታ ያየዋል፤ የሚሰማው ግን ከሰከንድ አንድ አሥረኛ በኋላ ነው። ፊልም በሰከንድ ሃያ አራት ፎቶ ስለሚያነሳ ሁለት ፎቶ ተኩል ገደማ ያህል ምስሉ ይቀድማል። ትንሽ ይመስላል፤ ዓይን ግን ይይዘዋል። ሠርግ ላይ ከዳሱ ጥግ የተቀረጸ ቪዲዮ ሲታይ ጭብጨባው ከእጁ ጋር አልገጥም የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ የኮንሰርት ፊልም ሠሪዎች ካሜራው የያዘውን ድምፅ ለማገጣጠሚያ ብቻ ይጠቀሙበታል። እውነተኛው ድምፅ ከእያንዳንዱ መሣሪያ ማይክ ለየብቻ ወደ ሚክሰሩ ገብቶ፣ ለየብቻ ተቀድቶ፣ በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ ተመዝኖ ከምስሉ ጋር ይጋባል። የተሳሳተ ኖታ ካለ ያኔ የማረም ፈተና ይመጣል፤ ብዙዎችም ወድቀውበታል።

ሁለተኛው ችግር ካሜራው ማንን ይይ የሚለው ነው። ዳይሬክተሩ ማርቲን ስኮርሴዚ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1976 ሳንፍራንሲስኮ ላይ «ዘ ባንድ» የተባለውን የሮክ ቡድን የስንብት ኮንሰርት «ዘ ላስት ዋልትዝ» ብሎ ሲቀርጽ፣ የእያንዳንዱን ዘፈን ግጥም ከካሜራው እንቅስቃሴ ጋር ያያያዘ ሦስት መቶ ገጽ የሚሆን ጽሑፍ ይዞ ነው የገባው። ሰባት ካሜራ ነበረው። እንዲያም ሆኖ የብሉዝ ሽማግሌው ማዲ ዋተርስ ሲዘፍኑ ሌሎቹ ካሜራዎች ፊልም እየቀየሩ ነበር፤ እየቀረጸ የነበረው የላስሎ ኮቫች ካሜራ ብቻ ነው። ኮቫች ከጆሮው የሚመጣው የትዕዛዝ ጫጫታ ሰልችቶት ማዳመጫውን አውልቆ ስለነበር አቁም የተባለውን አልሰማም ይባላል። ዛሬ ያ ዘፈን ከፊልሙ ምርጥ ቦታዎች አንዱ ነው። ሦስት መቶው ገጽ ያላሰበው ነገር ሆነ ማለት ነው።

ካሜራ ማንን ይይ ሲባል የተለመደው መልስ ዘፋኙን ነው። የእኛም ቴሌቪዥን፣ የእኛም የሙዚቃ ቪዲዮ፣ የእኛም ካሴት ሽፋን ያንኑ መልስ ነው የሰጠው። የፒያኖ ተጫዋችን ፊልም ማየት የተለየ የሚሆነው ለዚህ ነው። እጅ ይታያል። ዜማው በቀኙ ሲሄድ ግራው ምን ያህል ጊዜ ዝም እንደሚል፣ የቱ ላይ እንደሚገባ፣ ሰውየው የትኛውን ተጫዋች አይተው አንገታቸውን እንደሚነቀንቁ ይታያል። ሸክላ አርባ ዓመት ሙሉ ሲያሰማን የነበረው ውሳኔ ማን እንደሚወስነውና መቼ እንደሚወስነው የሚታየው እዚህ ነው።

ኩባን የሚያውቅ አንባቢ እዚህ ላይ «ቦዌና ቪስታ ሶሻል ክለብ»ን ያስታውስ ይሆናል። ዳይሬክተሩ ቪም ቬንደርስ በ1999 ባወጣው በዚያ ፊልም ውስጥም ፒያኖ ተጫዋች አለ፤ ሩበን ጎንዛሌዝ፤ ሙዚቀኛው ራይ ኩደር ሲያገኛቸው ቤታቸው ፒያኖ አልነበረም። ታሪኮቹ ይመሳሰላሉ፤ ነቀፌታውም ይመሳሰላል። ኩባ ላይ አሜሪካዊ፣ አዲስ አበባ ላይ ፈረንሳዊ «አገኘው» ይባላል፤ ያልጠፋ ነገር እንዴት ይገኛል ብለው የሚጠይቁ አሉ። ጥያቄው ትክክል ነው። ፊልሙን ፖላንዳዊ ሠራው፣ መድረኩ ፓሪስ ሆነ፣ አጃቢዎቹ ፈረንጆች ሆኑ። እኔ ግን ፊልሙን የሚያድነው የአምሐ እሸቴ እዚያ ውስጥ መኖር ነው እላለሁ። ፋልሴቶ የፈለጉትን ሸክላ መጀመሪያ ሕግ ተጋፍቶ ያሳተመው አንድ የአዲስ አበባ ወጣት መሆኑ ከራሱ ከባለቤቱ ይታወቃል። አምሐ እ.ኤ.አ. በ2021 ሚያዝያ መጨረሻ አረፉ፤ ዓለማየሁ እሸቴ በዚያው ዓመት መስከረም መግቢያ ተከተሉ። አምሐ ታሪካቸውን በካሜራ ፊት የነገሩበት ፊልም የወጣው ከዚያ ዐራት ዓመት ብቻ ቀድሞ ነው።

የእኔ ቅሬታ ሌላ ቦታ ነው ያለው። ይህ ሁሉ የተነገረለት ሙዚቃ የአዲስ አበባ ሆቴሎች ሙዚቃ ነው። በደርግ ዘመን በየክፍለ ሀገሩ የተቋቋሙ የኪነት ቡድኖች ነበሩ፤ የወሎው ላሊበላ፣ የጎንደሩ ፋሲለደስ፣ የእኛው የጎጃሙ ጊሽ ዓባይ። ባህሉን ከዘመናዊ መሣሪያ ጋር ያቀላቀሉት በፖለቲካ ትዕዛዝ ይሁን እንጂ፣ ከዚያ የወጡት ድምፃውያን ስማቸው በአገሩ ሁሉ የታወቀ ነው። ክራሩን የገረፈው፣ ዋሽንቱን የነፋው፣ ከበሮውን የመታው፣ ዜማውን ለስምንት ሰው ያከፋፈለው ማን ነው ሲባል ግን ደብረ ማርቆስም ሆነ ይጁቤ ላይ መልስ የሚሰጥ በቀላሉ አይገኝም። ለእንዲህ ያለ ሥራ ስኮርሴዚ አያስፈልግም። የድምፅ መቅጃ በየመሣሪያው አጠገብ፣ ሁለት ሦስት ስልክ በቋሚ፣ አንዱ ሁልጊዜ እጅ ላይ ያተኮረ፤ መጀመሪያ ላይ አንድ ጊዜ ጮክ ብሎ ማጨብጨብ፤ በኋላ ምስሉና ድምፁ በጭብጨባው ይገጣጠማል።

ከፊልሙ በፊት ወይም በኋላ ማዳመጥ የሚፈልግ ሰው «ቸ በለው»ን ቀድሞ ቢሰማ ይሻላል፤ ከዚያ የ2017ቱን የግርማንና የአካሌ ውቤን አልበም። ሦስተኛ ሊጨመር የሚገባው የኃይሉ መርጊያ ነው። ኃይሉ በ2013 የድሮ የአኮርዲዮን ካሴታቸው በአሜሪካ እንደገና ከታተመ በኋላ ወደ መድረክ ተመልሰዋል፤ በ2018 «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም አወጡ። በ2016 ብሩክሊን ላይ ከዓለምሰገድ ከበደ ቤዝና ከኬኔት ጆሴፍ ድራም ጋር ያቀረቡት ኮንሰርት ደግሞ በ2023 በአልበም ወጥቷል። ሦስት ሰው ብቻ ነው ያለው። ኃይሉ ኦርጋኑን ረጅም አድርገው ይይዙታል፣ ድምፁ እንዳይቆም ይፈልጋሉ፤ ግርማ ፒያኖውን ነካ አድርገው ይተዉታል። ሁለቱን ተከታትሎ የሰማ ጆሮ ዋልያስ ለምን በአንድ መድረክ ሁለት ኪቦርድ ተጫዋች እንደያዘ ይገባዋል።